ብርዱንም ጻፉት፦ የአያት ቤትን ለእንግዳ በድረ ገጽ ማከራየት

እንጀራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለመድኃኒት ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእህል ነጋዴ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ብዙው ሰው የሚመጣው በሌላ ጉዳይ ነው። «አንኮበር በኩል የአባቴ ቤት ባዶውን ቆሟል፤ ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው በኢንተርኔት አከራይልኝ» ይለኛል። እኔም ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራውን የአያቴን የድንጋይ ቤት አድሼ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ መልሴ እየረዘመ ሄዷል። ለእያንዳንዱ መድገሙ ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት።

ከድረ ገጹ አትጀምሩ። ይህን የምላችሁ ድረ ገጽ ሸጬ የማድር ሰው ነኝና እመኑኝ። መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት ይለይ። ገጠር ከሆነ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሰፈረው የማን ስም ነው? ከተማ ከሆነስ ካርታው በማን ስም ነው? አባት ካለፉ ወራሾቹ ስንት ናቸው? ቤቱ ባዶ ሳለ ወንድምና እህት ሁሉ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ስምምነት ይመስላል። የመጀመሪያው የኪራይ ገንዘብ የገባ ዕለት ግን ሁሉም አፍ ያወጣል። ስለዚህ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ቀጥሎ ንግድ ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ የመኖሪያ ቤት ማከራየትና እንግዳ ማሳደር አንድ ሥራ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ሁለት ሌሊት አድሮ ለሚሄድ ሰው ይህ እንደማይሠራ ግልጽ ነው። ስለዚህ ከመነሻው «የእንግዳ ማረፊያ» ብላችሁ አመልክቱ። እኔ ሳመለክት አንዱ ቢሮ ከሌላው ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያው አምጣ አለኝ። አራት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ አንደኛው ኃላፊ ፊት ቆሜ ለሌላኛው ደወልኩና ስልኩን አቀበልኩት። ነገሩ በሦስት ደቂቃ አለቀ። ይህን ዘዴ ያለ ክፍያ ሰጥቻችኋለሁ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። የምናገረው የሙያ ባልደረቦቼን ያስቀይም ይሆናል። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በእናንተ ስም፣ በእናንተ ኢሜይልና በእናንተ ስልክ ይመዝገብ። በሠራላችሁ ልጅ ስም አይሁን፤ ልጁ የአክስታችሁ ልጅ ቢሆንም። አንድ ደንበኛዬ ወደ እኔ ሲመጣ ስሙ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ገጹን የሠራለት ወጣት ውጭ አገር ሄዷል፤ «የዓመቱን ክፍያ አድሱ» የሚለው መልእክት ይደርስ የነበረው ለወጣቱ ብቻ ነው። ጊዜው አለፈ፣ ስሙን ሌላ ሰው ገዛው። ዛሬ በዚያ አድራሻ የሚታየው የቁማር ማስታወቂያ ነው። በነጥብ ኮም የሚያልቀው ስም በየዓመቱ የሚታደሰው በውጭ ምንዛሪ ነው። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀው የአገራችን ስም ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ነው። የትኛውንም ብትመርጡ የሚታደስበትን ቀን ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ አክብቡት።

የስም አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃንን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው አንዱ ከ«ብ» በኋላ አንድ አናባቢ ይጨምራል፣ ሌላው ሌላ አናባቢ፣ ሦስተኛው ምንም። በራሳችን ፊደልም አንዱ «ብርሃን» ሲል ሌላው «ብርሐን» ይላል። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሃ እና ሐ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሰው የሚፈልገው እንደለመደው ጽፎ ስለሆነ በገጻችሁ ላይ ልዩ ልዩ አጻጻፎቹን ቢያንስ አንዳንድ ጊዜ አስገቧቸው። ስምና ዋጋ በፎቶ ላይ አሳምሮ ማተምም ይቅርባችሁ፤ የፍለጋ ሞተሩ የሚተማመነው በተራ ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረኝ ግን ገጹ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ደንበኛው ሁሉ «ውብ፣ ምቹ፣ ነፋሻማ» ብለህ ጻፍልኝ ይላል። እኔም ለራሴ ቤት መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲሁ ነበር። በታኅሣሥ ከቆላ አገር አንድ ቤተሰብ ልጆቹን በእጅጌ ጉርድ ካናቴራ አልብሶ መጣ። «ነፋሻማ» የሚለው ቃል ለእነርሱ የማንጎ ጥላ ነው፤ ለእኛ ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የእኔ ቤትም ከዚህ አይሻልም። ሰዎቹ በሁለተኛው ቀን ገንዘባችን ይመለስ አሉ፤ መለስኩ። በማግሥቱ ገጹን እንዲህ ብዬ ቀየርኩት፦ «ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። በየአልጋው ሁለት ብርድ ልብስና አንድ የመንዝ ባና አለ። ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ኑ።» ከዚያ በኋላ ብርዱን ብለው የሚመጡ ሰዎች ተገኙ! በሙቀት የተሰላቸ የአዲስ አበባና የአዳማ ሰው ባና ለብሶ እሳት ዳር መቀመጥ ያምረዋል፤ እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

እሳት ካነሳሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በተዘጋ መኝታ ክፍል የከሰል ማንደጃ አታስገቡ፣ እንግዳም እንዲያስገባ አትፍቀዱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በገጹም፣ በበሩም ላይ ጻፉት፤ የቤቱ ጠባቂም በቃሏ ትንገር።

ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነ ውጭ ነው በሉ። ውኃው በጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ በሉ። በክረምት የመጨረሻው መንገድ መኪና የማያስገባ ከሆነ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስሄድ ጻፉ። ፎቶውም እንዲሁ ነው። እኔ ስቀርጽ በግቢው ጥግ የተከመረውን ኩበት እየሸሸሁ ነበር። ቤቱን የምትጠብቅልኝ አክስቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አንተ ልጅ፣ ኩበቱን ምን አርግ ብሎህ ነው የምትደብቀው? ቡናውን በምን አፍልቼ ላጠጣልህ ነው?» አለችኝ። ተሸነፍኩ። ዛሬ እንግዶች ስለየትኛውም ፎቶ የማይጠይቁትን ያህል ስለ ኩበቱ ክምር ይጠይቃሉ። ስለ ፎቶ ካነሳን፣ ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ አራትና አምስት ሜጋባይት ይመዝናል። አሥሩን እንዳለ ብትጭኑ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ገጹ ሳይከፈትለት ተስፋ ይቆርጣል። የእያንዳንዱን መጠን ከ200 ኪሎባይት በታች አሳንሱት፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ሰዓትና ቀን ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። «መግቢያ 8 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ነበር። ደብረ ብርሃን ያደሩ ሁለት ፈረንጆች በራሳቸው ስምንት ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ደረሱ፤ የፊተኞቹ እንግዶች ገና አልተነሡም። አክስቴ በሦስት ብርጭቆ ሻይና በበሶ አዳነችኝ። አሁን በአማርኛው ገጽ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው 14፡00 ተብሎ ተጽፏል፤ ባዶ ቁጥር የለም። ቀኑም አለ። ብዙ የድረ ገጽ ሠራተኛ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚለውጠው በአንድ ቋሚ ልዩነት ነው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ ገናም በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020ም እንዲህ ይሆናል። ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛባችሁ በእነዚህ ቀናት ስለሆነ የአንድ ቀን ስሕተት ሁለት ቤተሰብ በአንድ አልጋ ላይ ያገናኛል። የቀን መቁጠሪያውን የሚሠራላችሁን ሰው «የ2020 ጥምቀት መቼ ነው?» ብላችሁ ፈትኑት። ካልመለሰ ወደ ሌላ ሂዱ።

ቦታ የሚያዘው በድረ ገጽ ቢሆንም ዋናው መዝገብ የአክስቴ ደብተር ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የቦታ ማስያዣ ቅጽ ብቻ ያላቸው ገጾች ሁሉ ዲዳ ሆኑ። ስልክ ቁጥር በትልቁ የጻፈ ግን ቢያንስ የሚደወልለት ነበር። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት የማይመጣ እንግዳ ቀብዱ እንደሚመለስለት ወይም ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወርለትም አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በዚህ ላይ አትሰስቱ። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ፤ «ልኬአለሁ» የሚል የስልክ ፎቶ ግን ማስረጃ አይደለም። ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን እዩ። የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም አታከማቹ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከተው ትልልቁን ድርጅት ብቻ ይመስላችኋል?

ቡኪንግን የመሳሰሉ ትልልቅ የውጭ የማረፊያ ማስያዣ ድረ ገጾች ከያንዳንዱ ኪራይ 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳሉ። እኔ እንደ ደላላ አያቸዋለሁ፤ ደላላ እንግዳ ያመጣል፣ ቤቴን ግን አያስተዳድርም። ለአንኮበር ሴሪን፣ በኢትዮጵያ ብቻ ለምትገኘው ትንሽ ወፍ፣ የሚመጣው ፈረንጅ በእነርሱ በኩል ያገኘኛል። በሁለተኛው ጉዞው፣ ጓሳ ሄዶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ሲያስብ፣ በቀጥታ ይደውልልኛል። ይህ የሚሆነው የራሴ ገጽ ስላለኝ ነው። (የወፍ ተመልካች ቁርስ የሚፈልገው ከንጋቱ በ11 ሰዓት መሆኑን ለጠባቂያችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት።)

የመጨረሻው ጉዳይ ቀበሌውና ከተማው ነው። ባርሴሎና በ2024፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ከ10,000 በላይ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን ሳላድስ እስከ 2028 እንዲያበቁ አደርጋለሁ አለች። ኒው ዮርክ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብና ራሱም እቤት እንዲኖር፣ እንግዳውም ከሁለት እንዳይበልጥ ታስገድዳለች። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ነዋሪው የሚከራየው ቤት አጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ተፈናቃዩ ቤት በሚፈልግበት ጊዜ ተከራይ አስወጥቶ ለቅዳሜና እሑድ እንግዳ የሚያዘጋጅ ሰው መጥቶ ገጽ ሥራልኝ ቢለኝ አልሠራም፤ ሁለት ጊዜም መልሻለሁ። ባዶ የቆመ የገጠር ቤት ሌላ ነው። ደንብ ሲረቀቅ ይህ ልዩነት እንዲገባበት ከፈለጋችሁ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኙ። እኔ ስሄድ አዳራሹን የሚሞሉት ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ ኮሪደር ልማት አጥር የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው፤ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ግን አይመጣም። ከዚያ ደንቡ ሲወጣ በየቡና ቤቱ እናማርራለን።

እኔ ባለፈው ያነሣሁት ወደ ቤታችን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንዲት የአቅጣጫ ሰሌዳ እንድትቆም ነበር። በዕቅድ ተይዟል ተባልኩ። እስከዚያው በጉግል ካርታ ላይ ነጥቡን በትክክል አስቀምጡ፣ የቦታውን ፕላስ ኮድ (ጉግል ካርታ በአድራሻ ፈንታ የሚሰጠውን አጭር ኮድ) በገጹ ላይ ለጥፉ፣ ከሥሩም እንደ እኔ ይህን ጨምሩበት፦ «ጎረቤላ ስትደርሱ ደውሉ፤ ልጅ እንልካለን።»