ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ይቺን እዩአት
የስኮላርሺፕ ፎርም የምትሞሉ ልጆች፣ ግራጁዌት እና ግራጁዌት ስቱደንት አንድ አይደሉም እሺ። ግራጁዌት ተመርቆ የወጣ ነው፣ ግራጁዌት ስቱደንት ግን ዲግሪውን ይዞ አሁን ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ እየተማረ ያለ ሰው ነው፣ እንግሊዞቹ እሱኑ ፖስትግራጁዌት ይሉታል። የአክስቴ ልጅ አምና ገና ሶስተኛ አመት እያለች "ያው ልመረቅ አይደል" ብላ ግራጁዌት ስቱደንት የሚለው ላይ ቲክ አድርጋ ላከችው፣ ከዛ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ላኪ ሲሏት ከየት ታምጣ! አንደርግራጁዌት (ገና የመጀመሪያ ዲግሪዋን እየተማረች ያለች) ነበር ማለት የነበረባት።

ሌላው ጁኒየር ነው። እኛ ጁኒየር ሲባል 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው ትዝ የሚለን፣ አሜሪካ ኮሌጅ ግን ሶስተኛ አመት ነው፣ ሶፎሞር ሁለተኛ፣ ሲኒየር አራተኛ (የኛ ጂሲ፣ ተመራቂ ክፍል በሉት)፣ ፍሬሽን መቼም ማንም አይስታትም። ሃይስኩላቸውም ከ9 እስከ 12 በነዚሁ ቃላት ስለሚጠራ ሶፎሞር ነኝ ያላችሁ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል።

እና ደግሞ "አይ አም አን አለምናይ" አትበሉ በናታችሁ፣ እሱ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማለት ነው፣ ብዙ ቁጥር፣ ለአንድ ወንድ አለምነስ፣ ለአንዲት ሴት አለምና።