ቡችላችን ከፓርቮ የዳነችው እንዲህ ነው
ከእንስሳት መጠለያ ወደ አራት ኪሎ ቤታችን ያመጣናት ዳማ ምግብ እምቢ አለች፤ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ። የትከሻዋን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም፣ ድዷም ደርቆ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ የሰውነቷ ፈሳሽ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቡችላ ሳይታከም ማደር የለበትም፣ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሮጥን።

በምርመራ ፓርቮ የተባለው የውሻን አንጀት የሚያቆስል ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይገድልም፤ ከቆሰለው አንጀት ወደ ደም የሚያልፈውን ባክቴሪያ ለመከላከል ይሰጣል። ነፍሷን ያተረፈው በደም ሥር የተሰጣት ፈሳሽ ነው።

ትውከቱ በመርፌ ከቆመ በኋላ ሥራው የቤት ሆነ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ኦአርኤስ በጉንጯ በኩል ጠብ አደርግላታለሁ፤ ያለ ጨውና ቅመም የተቀቀለ ዶሮ ከሩዝ ጋር በጥቂት በጥቂቱ። ጎረቤታችን አዝነውላት የወጥ መረቅ አመጡ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑን ነግሬያቸው አመስግኜ መለስኩ።

ግቢው የጋራ ነው፣ የሰፈር ውሾችም ይገባሉ። ስለዚህ ቆሻሻውን በሳሙና ካጠብን በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠን ወለሉ ላይ 10 ደቂቃ አቆየነው። ሳሙና ብቻውን ፓርቮን አይገድልም፤ ቫይረሱ ለወራት ይቆያል። ዳማ አሁን በራሷ ትበላለች፤ ቀሪ ክትባቷ እስኪያልቅ ከግቢ አትወጣም።