የአያቴ ምላጭ እጀታ እንዴት ቀና

የአያቴ ተጣጣፊ ምላጭ ጀርመን፣ ዞሊንገን የተሠራ ነው። ስለቱ ደህና ነው። እጀታው ግን ተጣሞ፣ ምላጩ ሲታጠፍ ጎኑን ይነካው ነበር።

ፕላስቲክ መስሎኝ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ሳደርገው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ቀንድ ነው! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ቀንድ ሲሞቅ ይለመጣላ።

መጀመሪያ ስለቱን በፕላስተር ጠቀለልኩ። እጀታውን ከምላጩ ጋር የያዘውን የናስ ሚስማር ራሱን በሞረድ ፍቄ አወጣሁት። የእጀታውን ሁለት የቀንድ ገጾች ትኩስ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ለስለስ ሲሉ በጠፍጣፋ እንጨቶች መሃል አድርጌ ሞርሳ ላይ አሰርኳቸው። እዚያው አደሩ፤ ሳይቀዘቅዝ ከተፈታ ተመልሶ ይጣመማል። ከዚያ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው። ዘይት ስቀባቸው ውስጣቸው እንደ ማር አበራ።

አዲሱን 1.6 ሚሊሜትር የናስ ሚስማር በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ቀንዱ ይሰነጠቃል። አሁን ምላጩ መሃል ለመሃል ይገባል።