የሌላ መምህር ክፍል ስትሸፍኑ ትምህርቱ እንዳይቆም

መምህር ይታመማል፤ ሐዘን ይገጥመዋል፤ ለሥልጠና ይጠራል። የወሊድ ፈቃድ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ በድምሩ አራት ወር። ክፍሉን የሚሸፍነው ያ ሰዓት ክፍት የሆነለት ባልደረባ ወይም ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሥራውን «ልጆቹ እንዳይረብሹ መጠበቅ» አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ያ ክፍለ ጊዜ ለልጁ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ነገር ተምሮ መውጣት አለበት።

ከመግባታችሁ በፊት

ርዕሰ መምህሩን ወይም ዩኒት ሊደሩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትምህርቱ የት ደርሷል? የስም ዝርዝሩ የት አለ? የተለየ ክትትል የሚፈልግ ልጅ አለ? የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ከሩቅ ሰሌዳ የማያይን ልጅ ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ዕቅዱ ካልተገኘ ደብተሩን በደንብ ከሚይዝ ተማሪ ተዋሱ። የመጨረሻው ገጽ የት እንደቆሙ ይነግራችኋል። ጠመኔና ዳስተር ይዛችሁ ግቡ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

የክፍሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ፊት ሲያዩ «ፍሪ ነን!» የሚል ጩኸት ይነሳል። አትጩኹባቸው። ሰላም በሉ፣ ዞር ብላችሁ ቀኑን፣ የትምህርቱን ዓይነትና ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ርዕስ ሲጻፍ ደብተር መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ስማችሁን ተናገሩና ስም ጥሩ።

ስም ስትጠሩ ከወረቀቱ ቀና በሉ። የቀረ ልጅ ስም ሲጠራ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ «አቤት!» ሊል ይችላል። አለቃውን ወይም አለቃዋን አጠገባችሁ አቁማችሁ ፊት ለፊት እያያችሁ ከጠራችሁ ይህ አይሠራም። በዚያውም የጥቂት ልጆችን ስም ትይዛላችሁ። «አንተ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው» ከማለት በስም መጥራት ልጁን ያቀርበዋል።

«የእኛ ቲቸር እንዲህ አይደለም የሚያደርጉት» መባሉ አይቀርም። ቅር አትሰኙ። «እሳቸው እንዴት ነው የሚያደርጉት? አሳዩኝ» በሉና የሚቻለውን ያህል በዚያው መንገድ ሂዱ። የሌለን መምህር ልጆች ፊት ማቃለል ነውር ነው። ኖቱ ላይ ስህተት ካገኛችሁ ለራሱ ንገሩት።

የሚረብሽ ሲኖር

ዱላና ማንበርከክ አይታሰቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። እያስተማራችሁ ወደ ዴስኩ ሂዱና አጠገቡ ቁሙ፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ሥራ ስጡት፣ መጽሐፍ ያድል፣ ሰሌዳ ያጥፋ። ቁም ነገሩን ከደወል በኋላ ለብቻው አነጋግሩት።

በእጃችሁ የሚጠብቅ ትምህርት

ዕቅድ ሳይኖር ብትገቡስ? ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ጣና አለላችሁ። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሆኑት ይህን ስጧቸው፦ ሐይቁ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርድ አለው። አባዙት፤ 5,544 ይመጣል። የሐይቁ ትክክለኛ ስፋት ግን በግምት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ቀሪው የት ሄደ? መልሱን አትንገሯቸው። በቡድን ይከራከሩ። አንዱ ሐይቁ አራት ማዕዘን እንዳልሆነ ያነሳል፣ ሌላዋ የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ትጠቅሳለች፣ ሌላው ደግሞ ደቅ ደሴትን ይቀንሳል። ከዚያ ካርታውን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ስለው ካሬ እየቆጠሩ ስፋቱን ይገምቱ። ሒሳብም ጂኦግራፊም በአንድ ክፍለ ጊዜ።

ለታች ክፍሎች ከጣና ዓሣዎች ቆሮሶና አምባዛን አወዳድሩ። አንዱ ቅርፊት አለው፤ ሌላው የለውም፣ ግን ጢም አለው። ከዓሣ አጥማጅ ቤት የመጣ ልጅ ካለ ወደፊት አውጡት። ሌላ ጊዜ ዝም የሚል ልጅ እዚህ ላይ ብዙ የሚናገረው ይኖረዋል።

የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ያደክማቸዋል። ረጅም ኖት አታስገልብጡ። በየመሐሉ አስነሷቸው፣ ሰሌዳ ላይ አሠሯቸው።

ስትወጡ

ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ፦ ምን ተማሩ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ቆሙ፣ ምን የቤት ሥራ ተሰጠ፣ ማን ቀረ፣ ማን ጥሩ ሠራ። የጎበዙን ስም አትርሱ፤ መምህሩ ሲመለስ ልጁን በስሙ ማመስገን ይችላል። የሰጣችሁትን የክፍል ሥራ ራሳችሁ አርሙ። ለወራት ሸፍናችሁ ከሆነ የማርክ ዝርዝሩን የየትኛው ፈተና ውጤት እንደሆነ ጽፋችሁበት፣ ከተመላሿ መምህርት ጋር ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ አስረክቡ።