«ገብቶኛል» ብሎ ፈተና ላይ መውደቅ፦ ኬሚስትሪ ስታጠኑ የምትሠሯቸው ስህተቶች

«አጥንቼ ነበር እኮ!» የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና፣ ከፈተና በኋላ የምሰማው ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ አይዋሹም። አጥንተዋል። ነገሩ የተበላሸው አጠናኑ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ኬሚስትሪን በዓይን ብቻ ማጥናት ነው። ደብተሩ ላይ መምህሩ የሠራው ጥያቄ አለ። ተማሪው ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ገጹን ይገልጣል። ደብተሩን አስዘግቼ «9 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው?» ስለው ግን እስክሪብቶው ይቆማል። ሞል የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው፣ አንድ ሞል ውሃ ደግሞ 18 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 9ን ለ18 ማካፈል ብቻ ነው፤ 0.5 ሞል። ሲያየው ያውቀዋል፣ ራሱ ልጀምረው ሲል መነሻው ይጠፋዋል።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን የሚመስል ነገር አሳይተዋል። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንዴ አንብበው፣ ወረቀቱን ዘግተው፣ ያስታወሱትን የጻፉት በለጧቸው፤ 56 በመቶ ለ42። የእናንተ ፈተና ደግሞ ባነበባችሁ በ5 ደቂቃ አይመጣም። ስለዚህ የተሠራውን ጥያቄ ሸፍኑት፣ ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩት፣ ከዚያ አስተያዩት።

ሁለተኛው ቁጥርን ያለ ቅድመ ሁኔታው መሸምደድ ነው። «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው» የማይል ተማሪ አላጋጠመኝም። እውነት ነው፣ ግን በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ግፊት። 25 ዲግሪ ላይ ወደ 24.5 ይጠጋል። ፈታኙ ሙቀቱን የጻፈው ለጌጥ አይደለም! ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ሳይቀይሩ ማስላትም የዚሁ ዘመድ ነው።

ሞል ላይ እየተንገዳገዱ ወደ ላይኛው ክፍል ማለፍስ? የሙሙት (ሶሉሽን) ክምችት፣ ጋዝ፣ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ሁሉም ሞል ላይ ነው የቆመው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ ማውጣት ያፍራል። ብዙ ጊዜ ግን መድኃኒቱ እዚያ ነው።

የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ሠርቶ «መልሱ ሲ ነው» ብሎ ማለፍም ብዙ አይጠቅምም። ያው ጥያቄ ራሱ ላይመጣ ይችላል። ሌሎቹ ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑ መናገር ከቻላችሁ፣ ያኔ ሠርታችሁታል።

ስለ ዋዜማው ቸከላ ብዙ አልልም። ቡና እየጠጣ ያደረ ልጅ ጠዋት ላይ ማባዛት ሲሳሳት አይቻለሁ።

ብዙ የማይነገርለት ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ትርጉሙን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ይዘን እንሄዳለን። አንዷን ተማሪ ኦክሲዴሽን ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ወረደችው። «እሺ፣ ለታናሽ ወንድምሽ በአማርኛ አስረጂው» አልኳት። «ኤሌክትሮን ማጣት ነው» አለች፣ ትንሽ አስባ። «ታዲያ ሚስማር ሲዝግ ኤሌክትሮን እያጣ ለምን ክብደቱ ይጨምራል?» ስላት ዝም አለች። ኦክስጅን ስለሚጨመርበት እንደሆነ ራሷ እስክትደርስበት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት። በዚያ ቀን ሌላ ርዕስ አልነካንም።