በጉን የበላው ማን ነው? በዱካና በኩስ መለየት

በግ የተበላበት ሰው ጠዋት ዱካ ያይና «ቀይ ቀበሮ ነው» ይላል። በመንዝ ጓሳም በባሌም የምሰማው ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። ዱካውን ከብት ሳይረግጠው፣ ፀሐይም ውርጩን ሳታቀልጠው እዩት። የቀለጠ ዱካ ይሰፋል፤ ውሻውን ጅብ ያደርገዋል።

ዱካው ጥፍር አያሳይም
የድመት ዘር ነው። ትልቅ ከሆነ ነብር፣ ትንሽ ከሆነ አነር ወይም የቤት ድመት።

ዱካው ትልቅ ነው፣ የፊቱ ከኋላው ይበልጣል፣ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል
ጅብ ነው። ኩሱን የሚያነጣው የፈጨው አጥንት ነው። አጥንት የበላ ውሻም ነጭ ኩስ ይጥላል፤ ስለዚህ መጠኑን እዩ። መፍትሔው ጠንካራ በረት ነው።

ዱካው ጥፍር አለው፣ የውሻ ይመስላል
ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሻ፣ ቀይ ቀበሮና ተራ ቀበሮ ሦስቱም አራት ጣትና ጥፍር ያሳያሉ። አንድ ዱካ አይቶ የሚፈርድ ሰው ያናድደኛል። ተከተሉት እንጂ! ቀይ ቀበሮ ሲጓዝ የኋላ እግሩን የፊቱ ባረፈበት ላይ ያሳርፋል፤ መስመሩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ይላል። ውሻ ግን ይዞራል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። ጥፍሩም ብዙ ጊዜ ደነዝ ነው።

አንድ ባለበግ ቀይ ቀበሮ ነው ብሎ መርዝ አዘጋጅቶ ነበር። ዱካውን አብረን ተከተልን። የወሰደን ወደ ጓሳው ሳይሆን ወደ መንደሩ፣ ወደ ራሱ ግቢ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ ገጥሞኛል።

ቀጥሎ ኩሱን በእንጨት ፈልፍሉት። የቀይ ቀበሮ ኩስ በአይጥ ፀጉር፣ በጥቃቅን ጥርስና አጥንት የተሞላ ነው። ባሌ ላይ ከሚበላው ከ90 በመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል ነው። ኩሱን ጓሳ ሣር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ወይም መንገድ ዳር፣ በሚታይ ቦታ ይጥላል። በውሻ ኩስ ውስጥ የእህል ገለባና የፌስታል ቁራጭ አገኛለሁ። የፍሬ ዘርና የነፍሳት ክንፍ ካለበት ተራ ቀበሮን ጠርጥሩ።

የበግ ፀጉር ስላገኛችሁ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ጥንቡ ላይ ኋላ የደረሰም ይበላል። በድኑን እዩ። ጭኑም ጎኑም ተዘነጣጥሎ፣ ሌሎች በጎችም ቆስለው ሳይበሉ ከቀሩ የውሻ ሥራ ነው።

ኩሱን በእጃችሁ አትንኩ! ወደ አፍንጫችሁም አታስጠጉት። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ የሚያመጣ የትል እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። እንጨቱን እዚያው ጣሉ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መፍትሔው
ውሻውን ማታ እሰሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አስከትቡት። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከውሻ የተነሳው ይህ በሽታ ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። መርዝ በፍጹም አታስቀምጡ፤ አሞራውንም የጎረቤትን ውሻም ይገድላል።

ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል። ግልገል ያለ እረኛ አትልቀቁ።