«ሞራ ብቻ ነው» ከማለት በፊት፦ የአረጋውያንን ዓይን ስለ ማስመርመር

በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ዓይናቸው ሲደክም «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» እየተባሉ ለዓመታት ይቀመጣሉ። ሞራ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሞራው ጋር አብሮ የሚገኝ፣ ሱዶኤክስፎሊየሽን የሚባል ሌላ ሕመም አለ። ከ50 ዓመት በታች እምብዛም የማይታየው ይህ ሕመም አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ በሌንሱ ፊት እያከማቸ፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ወንፊት ይደፍናል፤ ግፊቱም ሲጨምር የእይታ ነርቭን የሚጎዳውን ግላኮማን ያስከትላል።

ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ሲያስመረምሯቸው፣ የሁለቱም ዓይኖች ግፊት እንዲለካና ብሌኑ በጠብታ ከሰፋ በኋላ ሌንሱ ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ የዓይን መመርመሪያ እንዲታይ ይጠይቁ። ብሌኑ ካልሰፋ ብናኙ ተሸሽጎ ሊቀር ይችላል። ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መደበኛ ክልል ውስጥ ቢገኝም፣ በዚህ ሕመም በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ልኬት ብቻውን አያስተማምንም። ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ዓይን ስለሚጀምር፣ ደኅና በሆነው ዓይን እየተመለከቱ ጉዳቱን ሳያውቁት ይቆያሉ። እናት ከረከቦቱ ዳር ያለውን ስኒ በክንዳቸው መጣል ሲጀምሩ የጎን እይታቸው እየጠበበ ሊሆን ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ደግሞ ስለማይመለስ ይህን ምልክት መጠበቅ አይገባም።

ብሌናቸው የሰፋ ሰዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፣ ቅርብ ያለውም ይደበዝዝባቸዋል። በዚያው ቀን ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሱ ከሆነ ባርኔጣና እጃቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሞራው የሚወጣ ከሆነ ብናኙ መገኘቱን ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም አስቀድሞ ይወቅ፤ ሌንሱን የያዙት ክሮች ሊላሉ፣ ብሌኑም በሚገባ ላይሰፋ ይችላልና። ሞራው እስኪጠጥር መቆየት ደግሞ ሥራውን ያከብደዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «አበቃ» ብሎ ክትትሉን መተው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ብናኙ መከማቸቱን አያቆምም፣ ግፊቱም መለካት አለበት።

ግፊቱን የሚቀንስ ጠብታ ከታዘዘ እጅዎን ታጥበው፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገው፣ የጠርሙሱን አፍ ሽፋሽፍት ሳያስነኩ አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ። ከዚያም ዓይናቸውን ከድነው፣ በአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ይበሉ። ሁለተኛ መድኃኒት ካለ 5 ደቂቃ ይቆዩ። አስም ወይም የዘገየ የልብ ምት ካለባቸው ቲሞሎል የተባለው የግፊት ጠብታ ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

በዐቢይ ጾም ብዙ አረጋውያን ጠብታው ጉሮሯቸውን ሲመራቸው «ጾሜን ያስፈታኛል» ብለው ያቋርጡታል። ጥጉን መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሰዋል፤ ጭንቀቱ ካልለቀቃቸው ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። ላታኖፕሮስት የተባለው የግፊት ጠብታ የታዘዘላቸው ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ስለሚያደርጉት፣ ከማዕድ በኋላ ሊያደርጉት ይችላሉ።